ማን ልበል?

ቱሉ ዲምቱ። ብሎክ አርባ ሰባት። አራተኛ ፎቅ።
ከመስኮቴ ሥር የገብስ ማሳው ያልቅና
ኮንቴይነር ይጀምራል፦ ከወደብ ዕቃ አምጥቶ
ያልተመለሰ የብረት ሣጥን፣ በር ወጥቶለት ሱቅ የሆነ፤
አንዱ ፀጉር ቤት፣ አንዱ ሚስማርና ቀለም፣
አንዱ ሞባይል ጥገና፣ ባለቤቱ ዛሬም የለም።

የኔዎቹ ኮንቴይነሮች ደመና ላይ ናቸው፤
ዝናብ የማያውቃቸው፣ ዶላር የሚያውቃቸው።
ሦስት ናቸው፦ የክሊኒክ ቀጠሮ፣ የመጋዘን መዝገብ፣
የአንድ ትምህርት ቤት ውጤት፣ ወላጅ በስልኩ እንዲያነብ።
ሦስቱም በየግላቸው በራቸውን በርግደው
አልፎ ሂያጁ ሁሉ ሲነካካቸው ሰንብተው፣
«አንድ በር ይበቃል» አለች ርብቃ፣ አለቃዬ፤
«የቀረውን ድፈኚው። ክሊኒኩ ሁለት ሰዓት ይከፍታል።»
ዓይኔን አሸሁና ተቀመጥሁ፣ ዘበኛ ልቀጥር።

የምቀጥረው ዘበኛ አይበላም፣ አይተኛም፤
ውጭውን ተቀብሎ ውስጡን አያሳይም።
ለክሊኒክ የመጣን ወደ ክሊኒክ ይሸኛል፣
ውጤት ላለ ወደ ውጤት፤ ማኅተሙንም እሱ ይይዛል።
ጻፍሁ። የምስክር ወረቀቱን ሰቀልሁለት።
አስነሣሁት።
                አምስት መቶ ሁለት።

አምስት መቶ ሁለት ማለት፦ በሩ አለ፣ ዘበኛው አለ፣
ገብቶ አንኳክቶ ወጣና «የሉም» አለ።
ግን አሉ! አያቸዋለሁ፣ ሦስቱም ነቅተው፣
በየሣጥናቸው እንግዳ ናፍቋቸው።

መብራት ሄደ።
ባትሪዬ ሠላሳ አንድ በመቶ፤
ኔትዎርኩም ከፎቅ ወርዶ በር ላይ ነው የሚገኘው።
ላፕቶፔን አቅፌ ወረድሁ፣
የግቢው ዘበኛ ቆርቆሮ ቤት አጠገብ ብሎኬት ላይ ተቀመጥሁ።
ከካፖርቱ ውስጥ ሬዲዮው ያንሾካሹካል።
«ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።
«ዘበኛዬ» አልሁት፣ «ሰው እቤቱ እያለ፣ አንኳክቶ የሉም ይላል።»
«የማንን ቤት አንኳክቶ?»

የማንን ቤት?
ተመለከትሁ። «እዚሁ» ብዬ ጽፌለታለሁ፤
መቶ ሃያ ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ።
የኔ እዚሁ ግቢው ነው። የሱ እዚሁ ሣጥኑ።
ለካ ሌሊቱን ሙሉ ምስኪኑ
የገዛ ቆርቆሮ ቤቱን ሲያንኳኳ፣
ራሱ ለራሱ «የለሁም» ሲል ነው ለካ።

«ቁጥራቸውን ልስጠው?» አልሁ፣ ለራሴ ነበር።
«ቁጥር አትመኚ» አለ፤ «ተከራይ ወጪ ነው፣ ገቢ ነው፤
ዛሬ ሁለት መቶ አራት ያለው ነገ ሦስት መቶ ስድስት ነው።
እኔ በስም ነው የምይዘው።»
ስለ ሣጥኖቼ አያውቅም። ስለ ግቢው ነበር የሚያወራው።
አራቱንም አንድ መረብ ውስጥ አስገብቼ በስማቸው ጠራኋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት። ከፈተ።

ደስ ብሎኝ የክሊኒኩን መዝገብ ባየው
የገባው ሁሉ አንድ ሰው፦ ዘበኛው!
በስልኬ የገባሁት እኔ፣ ዘበኛው፤
ከአልጋዋ ሆና የሞከረችው ርብቃ፣ ዘበኛው፤
ከባሕር ማዶ ቀዳዳ የሚፈልገው ሌባም፣ ዘበኛው።
አንድ መስመር ቀርቶኝ ኖሯል፣
የመጣውን ሰው ማንነት ይዞ እንዲገባ።
ጋሼ በር ላይ እንግዳ ሲመጣ የሚላት ያቺ ሁለት ቃል፦
ማን ልበል?
ጻፍኋት።

ሰማዩ በኮዬ ፈጬ በኩል አመድ መስሎ ሲነጣ
ባትሪዬ አራት በመቶ ነበር። ስልኬን አወጣሁ።
አራት ዓመት «ዘበኛ ዋናው በር» ብዬ የያዝሁትን ቁጥር አየሁ።
«ጋሼ፣ ማን ልበል?»
ያልገባው መስሎኝ ነበር።
«ዋቅጅራ» አለ፤ የአባቱን ስም ሊጨምር አፉን ሲከፍት
አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ነፋበት፤
«ማን ዘንድ ነው?» እያለ ሄደ፣
ካፖርቱን እየጎተተ።