የእርሳስ ቁራጭ

«ኪስሽን አራግፊ!» ነው፣ ከሰላምታ የሚቀድም ቃሏ፣
ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው ቦሁሚላ፣ ሽቦ ነው አካሏ።
ጣሳ ታቀርብልኛለች፣ ድሮ ብስኩት የነበረበት፤
ሁለት ሳንቲም፣ የቤት ቁልፍ፣ ማስቲካ አንድ የቀረበት፣
የፀጉሬንም መያዣ ሳይቀር አስቆጥራ አስገባችበት።
«ሰማዩ ሲገለበጥ ኪስም አብሮ ይገለበጣል፤
ሳንቲም ከፔዳል ሥር ብትገባ ማን ወርዶ ያወጣታል?»

እኔ በብርኖ ከተማ ትራም የምነዳ ሴት ነኝ፣
ሐዲድ መንገዴን መርጦልኝ ሃያ ዓመት የተጓዝኩኝ፤
በአርባ ሦስት ዓመቴ መገልበጥ አማረኝ።
መስኩ ከከተማ ውጭ ነው፣ ከወይን እርሻው ማዶ፣
ጥንቸል የሚፈነጭበት፣ ሳሩ ማክሰኞ ታጭዶ።

ሦስት ሳምንት መሬት ላይ፣ ከጣውላ ወንበር ታስሬ፣
ዐይኔን ጨፍኜ ባዶ አየር ስረግጥ በእግሬ።
እሷ ከእንጨት የተጠረበች አውሮፕላን በእጇ ይዛ
አፍንጫዋን ደፍታ ታዞራለች፣ እንደ እንዝርት።
«ጋዙን ዝጊ። እጅሽን መሐል። ከዙረቱ ተቃራኒ እግር።
ዘንጉን ወደ ፊት። ሲቆም እግርሽን መልሺ። ቀስ ብለሽ ሳቢ።
ድገሚ።»
እደግማለሁ።
«ድገሚ።»
ባሌ ሌሊት ቀሰቀሰኝ፦ «እግሬን ምን አደረገሽ?»

አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር። ከኋላዬ እሷ ናት።
ቀበቶው ጠበቀ፤ ደግሞ ጠበቀ፤ ትንፋሼ አጠረ።
ግራ ዞረን አየን፣ ቀኝ ዞረን አየን፣ ከሥራችን ማንም የለም።
«ስድስት መቶ ላይ አሁንም ቢዞርስ?»
«ጣሪያውን ጥዬ እዘላለሁ።»
«ሳትከራከሪ?»
«ሳልከራከር።»

ዘንጉን ወደ ሆዴ ሳብኩ፣ ነፋሱ ዝም አለ፣
አንድ ክንፍ ደከመው፣ እንደ ሰካራም ዘንበል አለ፣
ከዚያ ሞራቪያ በሙሉ ተፈተለ።
ቀይ ጣሪያ፣ ኩሬ፣ ወይን፣ ቀይ ጣሪያ፣ ኩሬ፣ ወይን፤
ሞኙ እጄ ተመኘ ሽቅብ መጎተትን።
መሬት አፏን ከፍታ ስትመጣ ማን ወደ መሬት ይገፋል?
ፍርሃት ዘመድ መስሎ መጥቶ የተሳሳተውን ያቀብላል።

ከኋላ ድምፅ የለም። ሆን ብላ ነው።
እግሬ ከእኔ ቀደመ፣ ያ ጣውላ ላይ የሠለጠነው፤
ከዚያ እጄ ገፋ።
ቆመ። ኩሬው አንድ ሆነ።
ቀስ ብዬ ስስብ ጉንጬ ወደ አገጬ ወረደ።
«ስንት ዞርሽ?»
«ሁለት።»
«ሁለት ተኩል። ቁጠሪ።»

በመስከረም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ተገለበጥን፣
ወይኑ ከራሴ በላይ ተንጠለጠለ፤
አንድ ነገር ከመስታወቱ ጣሪያ ጋር «ቀጭ» አለ።
ወዲያው አረፍን።

ጣሳውን ቆጠርን፤ አልጎደለም። ሳንቲሙ ሁለት፣ ቁልፉ አንድ።
«እንግዲህ ዝንብ ይሆናል» አልኩ፣ ሻይ አምሮኝ፣ ልሄድ።
«ዝንብ ቀጭ አይልም።»
ቭራቲስላቭን፣ መካኒኩን፣ ከምሳው አስነስታ
ወለሉ ብሎን በብሎን ተፈታ።
ሁለት ሰዓት በእጅ ባትሪ፣ በጉልበት፣ በሆድ፣ በጎን፤
ከፔዳሉ ገመድ አንድ ጣት ርቆ ተጋድሞ አገኘነው፣
ቢጫ የእርሳስ ቁራጭ፣ ጫፉ በጥርስ የታኘከ።

ቭራቲስላቭ እኔን አየኝ።
እኔ እርሳስ አላኝክም።
ቦሁሚላ ወደ ብርሃን ይዛው ወጣች፣ አገላበጠችው፣
በምላሷ የፊት ጥርሷን ዳሰሰች፣ ሸራፋውን።
«የእኔ ነው።»

ስንት ክረምት አብሯት እንደተገለበጠ አልጠየቅናትም።
መዝገቡን ከፈተች፤ ቀኑን፣ ስሟን፣ ጥፋቷን ጻፈች፣
በዚያው የእርሳስ ቁራጭ።

በማግስቱ ጉሙ እስኪገፈፍ ቆመን ሳለ ጣሳው መጣ።
እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ «ቆዪ» አለች፣
የራሷን ቀድማ ገለበጠች፦
መነጽር፣ መሐረብ፣ ሁለት የደረቀ ፕለም።
ጣሳውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና
«ቁጠሪ» አለችኝ።