ጥላውን ተይው

ከአስራ ሁለቱ እርሳሶች አንዱ ብቻ ረጅም፣
ልጄ ሶስት ዓመት ሙሉ ቀርጻው አታውቅም።
ቀዩ በጽጌረዳ፣ ቡኒው በቤት ማገር፣
አረንጓዴው በሳር አልቆ ጉማጅ ሆኖ ሲቀር፣
ነጩ ግን እንደተገዛ ቀጥ ብሎ ይኖራል፤
በነጭ ደብተር ላይ በነጭ ማን ይስላል?

ካርድ ክፍል ነው የምሰራው፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፤
ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ኮሪደሩ ጭር ይላል።
አልፎ አልፎ ምጥ የያዛት፣ ከጂጋ፣ ከማንኩሳ፣
በባጃጅ ትደርሳለች የባሏን ጋቢ ለብሳ።
ቀሪው ሰዓት የኔ ነው፣
የኔና የራጅ ክፍሉ የአቶ ይርሳው።
ስማቸው «ይርሳው» ቢልም
እርሳስ አስያዙኝ እንጂ አንድም አላስረሱኝም።

ራጁ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር፣ ፊልሙ ሲቀር፣
የፊልሙ መጠቅለያ ካርቶን ሙሉ ተርፎ ነበር፤
ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ጭላንጭል የማያስገባ።
«ይቃጠል» የሚል ደብዳቤ ከንብረት ክፍል ገባ።
አቶ ይርሳው ግን ደበቁት። «ይሄ እድሜውን ሙሉ
ብርሃን ሲከለክል ኖሯል፤ አሁን ይካስ» አሉ።

መጀመሪያ ብርጭቆ ሳልኩ። ዙሪያውን በነጭ መስመር
አጠርኩት እንደ ጓሮ። ሳቁብኝ፦
«ይሄማ የክፍል ሰሌዳ ነው፣
አስተማሪው ጠመኔ ጥሎ የወጣበት።
ጥላውን ተይው፣ ትሁኔ፤ ጥላው ተሰርቶ መጥቷል፤
ያንቺ ድርሻ መጠየቅ ነው፦ ብርሃን የት ነክቶታል?
ከንፈሩን? ማንኪያውን? ከስር የተኛችውን ስኳር?
እሱን ብቻ። ሌላውን ለወረቀቱ ተይለት፣
እሱም ስራ ይኑረው።»

ቢጫውን ባዶው ላይ ብጭነው የጎመን ውሃ መሰለ፣
ቀዩ ከርሞ እንደ ነቀዘ የቡሬ በርበሬ ከሰለ፣
ሰማያዊው ጭራሽ የለ፤
ላህ ወንዝ ውስጥ እንደ ወደቀ አዝራር።
«ነጭ ቀድመሽ አልብሺው፣ ስስ አድርገሽ፣ እንደ ዱቄት፤
ቀለሙን ከላይ ደርቢ። አትጫኚ፣ እጅሽ ይቅለል።
ሰላሳ ዓመት አጥንት አየሁ፣
አንዱም ጮሆ አልታየኝም።»

አንድ አስታማሚ ትታልኝ የሄደችው ሎሚ ነበር፤
ሶስት ወር ፈጀብኝ።
ሎሚው ደርቆ ጠጠር ሆነ፤ የወረቀቱ ሎሚ ግን
በመጨረሻ በሰለ።

ሌላም ነገር ነበር፣ ዘግይቼ ያየሁት።
የካርድ ቁጥር ሲያስነብቡኝ
ሰበቡ ሁልጊዜ «መነጽሬን ረሳሁት»፤
መነጽር ግን አንድ ቀን አይቼባቸው አላውቅም።
አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ፣ ጀነሬተሩ ሲነሳ፣
ሎሚዬን አፍንጫቸው ስር ይዘው አገኘኋቸው፣
እንደሚያሸቱት።

«ሞራ ነው» አሉ። «ባህር ዳር ይገፈፋል፣ ወረፋ ይዣለሁ።
ነጭ ወረቀት ይነድብኛል፣
ቀትር ላይ እንዳለ አዲስ ቆርቆሮ።
ይሄን ግን» ብለው ጣታቸውን ቆዳው ላይ አሳረፉ፣
«ይሄን አየሁት። ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል።»

ከዚያ ወዲህ ነጩ አጠረ፣ ከሁሉም በታች ወረደ፤
በሲሪንጅ ቀፎ ሰክቼ ነው የምይዘው።
ልጄ ሳጥኑን ከፍታ «ነጩን ማን በላብኝ?» አለች።
«ሌሊት» አልኳት።
አላመነችኝም።

አሁን የሳቸውን ፊት ይዣለሁ፦
ግንባር፣ የጉንጭ አጥንት፣ አንድ ጆሮ፣ የጋዋን ኮሌታ።
የቀረውን ጥቁሩ ሰርቶታል።
ዓይናቸው ላይ ቆሜያለሁ። አንዲት ነጥብ ትቀረዋለች፣
ከእርሳሱ ጫፍ የማትበልጥ፣ መስኮቱ የሚያርፍባት።
ጥቁር ላይ ላጲስ አይረዳም፣ የነካው ሁሉ ይገረጣል፤
እሳቸው ደግሞ ሰኞ ከባህር ዳር ይመለሳሉ ተብሏል።
ጫፉን አሹዬ፣
ብናኙን እፍ ብዬ፣
እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጫለሁ።