ሦስት ቅዳሜ፣ አንድ በር

ፈረንጅ አራዳ ነው፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት ፎቅ ላይ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከላይ፣
አምስት ሰው በበርጩማ፣ ጠረጴዛ ከበን፣
ሃያ ፊት ካለው ዳይስ ዕድል ሰብስበን።

የክፍሉ በር ጣውላ ክረምት ሲገባ ያብጣል፤
በትከሻ ካልገፉት ማን ገብቶ ማን ይወጣል?
ሁሉም ይገፋዋል፣ ሳያስብ፣ እየሳቀ።
በዱላ የነካው የለም። ከሩቅም የጠየቀ።

እኔ ነኝ ተራኪው፤ ዋሻውን የማውቀው፣
ጭራቁን የማበላው፣ ፀሐዩን የማጠልቀው።
ካርታው በካሬ ደብተር ቅጠል ላይ ተስሏል፤
ከጅሬን ኮረብታ ሥር አንድ በር ተተክሏል።
የእንጨት በር። ዝግ።
ሌላ ያልኩት የለም።

ናስር ባጃጁን ከታች በሰንሰለት ያሰረው
"መጀመሪያ" አለ፣ "በዱላ ልሞክረው።"
ኢፍቱ፣ የመድኃኒት ቤቷ፣ ጠብታ የምትለካ፣
"ገመድ እሰሩልኝ፣ እጄ በሩን ሳይነካ።"
ያደሳ ድንጋይ ወረወረ። በሩን መታው፣ ወደቀ።
ሌላ ድንጋይ አነሳ።
ሸምሲያ ደግሞ፦ "ማጠፊያው በየት ነው? ወዴት ይከፈታል?
ከጀርባው ትንፋሽ አለ? ጣራውስ ምን ይሸታል?"
"ጣራ ጣራ ይሸታል" አልኩ። በደብተሯ ጻፈችው፤
"ነገር አለው ይሄ መልስ" ብላ ለናስር አሳየችው።

"ጠርጥር!" ይላል ያደሳ፣ "ከገንፎ አይጠፋም ስንጥር"፤
ገንፎውን ሳንቀምሰው፣ ቅዳሜ ስንቆጥር፣
በአወይቱ ስንት ውሃ ወረደ።
በሩ እዚያው ነው።

ዘዴ አላጣሁም።
ከኋላቸው ጅብ አስጮህኩ፤ ጉድጓድ ቆፍረው ተደበቁ።
"ሻማው እያለቀ ነው" አልኩ፤ አጥፍተው ቆጠቡት።
በሩ ላይ "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል ጽሑፍ አወጣሁ፤
ያኔ እንዲያውም ሁለት እርምጃ አፈገፈጉ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ደሜ ፈላ።
"ጀግኖች ተብላችሁ..." ልል አፌን ስከፍት
ናስር ቀና ሳይል፣ ዳይሱን በጣቱ እያሾረ፣
"አባ ቡሬን ታስታውሰዋለህ?" አለኝ።

አስታወስኩት።
የመጀመሪያ ሰውዬው ነበር። ፊቱን በእርሳስ ስሎት፣
የአያቱን ሳል ሰጥቶት፣ አንካሳ በቅሎ ጨምሮለት፣
ሳምንት ሙሉ ተሳፋሪ ባጣ ቁጥር ሲያስብለት ከርሞ መጣ።
ገና በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሣጥን ከፈተ።
"መርዝ። ሞትክ" አልኩት።
ዳይስ አልጣልኩም። ምልክት አልሰጠሁም።
ሳቅሁ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤
ሰው ልጡን ሲሸሸው ማን እባቡን ያያል?
ለካ እባቡ እኔ ነበርኩ፤
እነሱን ፈሪ እያልኩ፣ ከርሜ ስታዘብ የነበርኩ።

ወረቀቴን አጠፍኩ።
"ስሙኝ" አልኩ። "ከዛሬ ወዲያ ወጥመድ ካለ ሽታው ይቀድማል።
ሞት ካለ፣ እርምጃ ሳትነሱ ከአፌ ትሰሙታላችሁ።
መውደቅ አይቀርም፤ ጫማ ይጠፋል፣ በቅሎ ይሰረቃል፣
ዕዳ ውስጥ ትገባላችሁ። ታሪኩ ግን ይቀጥላል።
ካልደፈረሰ አይጠራም።"

ዝም አሉ። ዝናቡ ብቻ ያወራል።
"ሌላም አለ" አልኩ፤ ይሄኛው ከበደኝ።
"ከበሩ ጀርባ ምንም የለም። አልጻፍኩም።
ሦስት ሳምንት ሙሉ ገና ናቸው፣ አይከፍቱም እያልኩ
ባዶ ቅጠል ይዤ ስመጣ ነበር።
አበላሸዋለሁ ብዬ ፈርቼ።"

ያደሳ በኪሱ የያዘውን ድንጋይ (እውነተኛ ድንጋይ ነበር፣ ለካ!)
አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።
ሸምሲያ ደብተሯን ዘጋች፤
የክፍሉን ያበጠ በር አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው።
"በትከሻዬ እገፋዋለሁ" አለች።
"ዳይስ ልጣል?"
"አያስፈልግም። ተከፈተ።"

"እሺ፣ ምን ይታያል?" አሉ አራቱም ባንድ አፍ።
የበርጩማዬን ጠርዝ ጨብጬ ይዣለሁ።
"የረግረግ ሽታ" አልኩ፣ ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ፣
"እንደ ቦዬ፣ ማታ ማታ። ጨለማ ነው።
ውስጥ... የሆነ ትልቅ ነገር ተነፈሰ።"

"ዱላዬስ?" አለ ናስር።
አቀበለችው ኢፍቱ፤
እሱ ግን ለካ ገብቷል።