ዘሩ ገባ፣ ዘሪው ቀረ

ረሖቮት፣ በኅዳር፣ ከአዳራሹ ደጃፍ፣
ስም እያደልኩ ነበር ከጠረጴዛው ጫፍ።
ከናይሮቢ መጡ፣ ከቦን፣ ከኪዮቶ፣
ሁሉም ስሙን ወሰደ፣ ካንገቱ አስገብቶ።
እኩለ ቀን ሲሆን አንድ ካርድ ቀረኝ፣
በሰማያዊ ክር፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሽቅብ የሚያየኝ፦
ዶክተር ይኄይስ ተበጀ። ቆቦ።

ዘሩ ግን ደርሷል፤
በዘጠኝ ቀን ውስጥ ኬላውን አልፏል።
ነቀዝ እንደሌለው ታይቶ፣ ተመርምሮ፣
በላስቲክ ታሽጎ፣ በማኅተም ታስሮ፣
ወተት በጉንጬ፣ አርባ ግራም ጥሬ፣
በማቀዝቀዣዬ ተኝቷል እስከዛሬ።

ሰውየውን ግን አምስት ወር ጠየቁት።
የባንክ ደብተሩን ገልጠው አነበቡት።
ሚስት? አሉት። አለችኝ።
ልጅ? ሁለት።
ቤትስ በስምህ? የቀበሌ ነው።
"ታዲያ ለመመለስህ ዋስህ ማነው?"
"ማሽላዬ" አላቸው። "ኅዳር ሲያልቅ ይደርሳል፤
እኔ ካልተመለስኩ ወፍ ማን ይጠብቃል?"
ይህን ሲነግረኝ ስልኩ ውስጥ ሳቀ።
መልሱ ግን ሲመጣ ሳቁን አላወቀ፤
"አልተፈቀደም" ይላል ባንድ አጭር መስመር፣
"ምክንያት" የሚለው ሳጥን ባዶ ነበር።

እናቴ "ቪዛ" ማለት ዛሬም አይሆንላት፣
"ቢዛ" ነው የምትለው። ማታ ስነግራት
ምስር እየለቀመች ሰማችኝ በዝምታ፣
ከዚያ እንዲህ አለችኝ ጥቂት ቆይታ፦
"ዘሩ ገባ በይኛ! ዘሪው ደጅ ቀረ።
እኛስ በምን ገባን? በዘር አልነበረ?"
ወንድሟ ጎንደር ነው፤ ዘሩን ሲያስረዳ፣ ሲያስረዳ፣
ጉርድ ፎቶው ሸበተ በፋይሉ ጓዳ።
ስለሱ አናወራም።
አንዲት ጠጠር አገኘች፣ ወደ መስኮቱ ወረወረች።

ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት።
ፕሮፌሰር ኑሪት "አንቺ አንብቢለት፣
ቋንቋውን ታውቂው የለም?" አለች።
ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ምን ልበላት?
አነበብኩ። ስለ አቀንጭራ፣ ስለዚያ ወይን ጠጅ አበባ፣
ከላይ ለዓይን የሚያምር፣ ከሥር ግን ሌባ፤
ማሽላው ቆሞ እያለ በቁሙ ስለሚጠባ።
አሥራ ሰባተኛው ሥዕል ላይ ስደርስ አንድ እጅ ተነሣ፦
"ይህ ክብ ምንድን ነው? መሀል ማሳው ላይ፣
አቀንጭራው ዙሪያውን ከብቦ ያልገባበት?"
እንጃ።
ከጽሑፉ የለም። ወደ ቆቦ ደወልኩ፣
ስልኬን ከድምፅ ማጉያው አፍ አስጠጋሁ።

መጀመሪያ የመጣው ንፋስ ነው፣
የደረቀ አገዳ እርስ በርሱ ሲፋተግ፣
ከዚያ የወንጭፍ ጩኸት፣ ከዚያ እሱ፦
"ሃሎ? ክቡ? እሱማ የእትዬ ደብሪቱ ድንበር ነው፤
እሷ በየዓመቱ እዚያ ላይ... አፈሩን በእጅ ካልዳሰሱት..."
ተቋረጠ።
ሁለት መቶ ሊቅ ቁጭ ብሎ
ቱት፣ ቱት፣ ቱት የሚለውን አዳመጠ።

"እኔው ራሴ እሄዳለሁ" አለች ኑሪት፣ እርሳሷን ጥላ።
ሐሙስ ከመድን ድርጅቱ ደብዳቤ ደረሳት፣ ካርታ ተያይዞ፦
ቆቦ በቀይ ተቀብቷል፤ ዋስትና የለም።
"ማሽላውም ቀይ ነው" አልኳት። አልሳቀችም።

እንግዶቹ ሄዱ። ወንበሩ ታጠፈ።
በሥራ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ያ ካርድ ከረመ።
ትናንት ከአርባው ግራም ጥቂት ፍሬ ወስጄ
መስታወት ቤቱ ውስጥ፣ በማሰሮ ዘራሁት፣
ምልክት ስላጣሁ ስሙን ሰካሁበት፦
ዶክተር ይኄይስ ተበጀ። ቆቦ።
አፈሩ የዚህ ነው፤ ደብሪቱ አታውቀውም።
ክቡም እስካሁን ክብ ነው።

እናቴ ማታ ምስሯን ትታ ጠየቀችኝ፦
"ወፍስ? ወፉን ማን ይጠብቅለታል?"
አይዞሽ እማዬ፣ አልኳት፣
በሩ ድርብ ነው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም።
እዚህ ወፍ አይገባም።