ዓይኔ ደክሟል

ከታቦር ግርጌ ሜዳ፣ አቧራ የጠጣ ቅዳሜ፣
አንድ ለአንድ ነበርን፤ እኔ በክንፍ ቆሜ
ኳሷን ስጠብቃት…
ከዚያ ሰማይ ብቻ። የጉልበቴን ስብራት
ከሕመሙ በፊት በጆሮዬ ሰማሁት፣
እንደ ደረቅ ሸንበቆ።

ሐኪሙ ጄሶውን እስከ ጭኔ ለብጦ፣
«ኳስ እንኳ ከእንግዲህ…» አለ፣ ቀሪውን ቃል ውጦ።
ጓደኞቼ መጡ፣ ብርቱካን ተሸክመው፤
በሁለተኛው ሳምንት ግማሾቹ ቀሩ፣
በሦስተኛው ሁሉም።

ጋሽ ሌዳሞ ብቻ፣ በዚያች ፍሬን አልባ
ብስክሌት፣ ላቡን እየጠረገ፣ ከግቢያችን ገባ።
«ትድናለህ» አላለም፤ «አይዞህ»ም አላለኝ።
ከኪሱ ደብተር አውጥቶ «ዓይኔ ደክሟል» አለኝ፤
«የልጆቹን ስም መለየት አቅቶኛል፣
ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ጸሐፊ ያሻኛል።»

አሥራ አንድ ሳምንት፣ እግሬን እንደ መቅዘፊያ
ወደ ጎን ዘርግቼ፣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ
የሐዋሳ ባጃጅ እየሸሸን፣ ከኋላው ተፈናጠጥኩ።
ቁልቁለት ላይ ፍሬናችን የእሱ ሸበጥ ነበር።
የሰው ሩጫ ስመዘግብ፣ ከሜዳው ዳር ድንጋይ፣
ጠላሁት፣ አልዋሽም። ደብተሩንም ሐይቅ ላይ
ልወረውረው ብዬ፣ በክራንች እያነከስኩ
አንድ ቀን እስከ ግንቡ ሄጃለሁ።

በራሶ የሚባል ልጅ ነበረ፣
አሞራ ገደል ዓሣ ሲገፍ የሚውል።
ፎርሙ ላይ «ፈርም» ሲሉት
እስክሪብቶውን እንደ ቢላ ጨብጦ ላብ አጠመቀው።
«አንተ አሳየው እስቲ፣ ዓይኔ…» አለ ጋሽ ሌዳሞ፣
ፊሽካውን ነፋና ሄደ።

በእንጨት፣ አሸዋው ላይ፣ ስሙን ጻፍኩለት፦
«በ ጎል ናት፤ ሁለት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ።
ራ ቁርጭምጭሚቷ የታጠፈባት ተጫዋች፣
ሶ ደግሞ እንደኔው ናት፣ በአንድ እግሯ የቆመች።»
ሦስቴ ተሳሳተ። በአራተኛው ማሊያውን አውልቆ፣
ጎል እንዳገባ ሰው፣ ሜዳውን ዞረው።
ያኔ ለካ ጉልበቴን ረስቼው ነበር።

ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሃያ ሁለት ዓመት ቆምኩ።
አምና ኅዳር፣ ከጋሽ ሌዳሞ ለቅሶ፣ ከድንኳኑ ሥር፣
ልጁ ዶርቃ ካርቶን አመጣች፤ ደብተር በደብተር፣
ጉንዳን የሚያህል ጽሕፈት፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት፦
የማን ጫማ እንደጠበበ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ።
የእኔ ስም አጠገብ፣ በዚያው ቅዳሜ ቀን፦
«ጉልበት። ሒሳብ ይችላል። ሥራ ይፈለግለት።»
«መነጽሩስ?» አልኳት።
«የአባዬ? የምን መነጽር?
የሰፈሩን መርፌ ክር የሚያስገባው እሱ ነበር።»

ዘንድሮ የእኔ ዓይን የምር እየፈዘዘ ነው።
ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ አለች፣
ከመስከረም ወዲህ ድምፅዋን ያልሰማነው።
ዛሬ ስም መጥሪያውን ሰጠኋት፤
«ዓይኔ ደክሟል፣ ጥሪልኝ።»
መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበረ።
ቀና ብላ ኪሴን አየች፣
ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።