ክፍል ሁለት

ከጃንተከል ዋርካ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ፣
አያ መኳንንት ነው፣ ጆንያ በር ላይ ሰቅሎ፣
ሃምሳ ሳንቲም ላለው አግዳሚ የሚያድል፣
ለሌለው «ቦኖ ሂድ፣ አንድ ጀሪካን» የሚል።

ውኃ ቀድተን ገባን፣ እኔና ትርንጎ፤
ክረምቱ ጣሪያውን ከበሮ አድርጎ
ድምፁን ውጦታል፤ ቢሰማስ ማን ሊያውቅ፣
ፈረንጅ ሲያወራ፣ ፈረንጅ ሲስቅ?
ሰባተኛ ክፍል ናት፤ እንግሊዝኛዋ
ቢቆጠር ቢታፈስ አይሞላም መዳፏ፤
ግን ተነሥታ ቆመች፤ ቤቱ ጸጥ አለ፤
«ቻለው» አለችው ውሻውን፣ ስለቻለ።

ጌታውን በጎርፍ ያጣ፣
ግራ ጆሮው ቆራጣ፣
ያን ሁሉ አገር አቋርጦ
ወንዙ ዳር ቆሞ ዝም ሲል፣
እሷ ናት የምትል፦
«ጌታዬን ወሰድከው፤ ይሁን፣ አልጣላህም፤
ሽታውን ብቻ ተው፤ እሱ አይጠቅምህም።»

አያ መኳንንት ሒሳቡን ትቶ አለቀሰ፤
ከኋላ አንድ ወታደር በእጅጌው ፊቱን አበሰ።

ሰባት ጊዜ አየነው፤ ሰባት ዓይነት ነበር፤
አንዴ አዘዞ ነው የቻለው አገር፣
አንዴ የቀሃ ወንዝ ነው ያ ማዶ የሚታየው፤
ማን ሊከራከራት! ውሻው ሰምቶ ዝም ነው።
ያን ክረምት፣ ብይ የተበላ ልጅ ኪሱን ገልብጦ
«ሽታውን ብቻ ተው» ይላል፣ አፈር ላይ ተቀምጦ።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ
ክፍል ሁለት መጣ፣ በፍላሽ ተቋጥሮ።
ትርንጎ ከሆስፒታል፣ ከካርድ ክፍል ወጥታ፣
ስም ስትጣራ ውላ፣ ድምፅዋ ዝጎ መጥታ፣
ማራኪ፣ እኔ ቤት፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤
ጫማዋን አውልቃ
እንደዚያ ጊዜው እግሯን ወደ ውስጥ አጠፈች።

ለካ ስሙ ቦንዞ ነው።
ቆራጣው ጆሮ ወደ ቀኝ ዞሯል፤
ጎርፍ የበላው ጌታ በአውሮፕላን መጥቷል፤
ውሻው መነጽር ሰክቶ በረዶ ላይ ይንሸራተታል፤
ሌባ ይይዛል፣ ኬክ ላይ ይወድቃል፣
ፈስቶ ይስቃል፣
ደግሞም፣ ይኼን ማን ያምናል፣
ያወራል!
በአማርኛ። በጠራ የሬዲዮ አማርኛ፦
«ሰላም ልጆች! ቦንዞ ነኝ፣ የሁላችሁም ጓደኛ!»

ዝም ብለን አየን። ቆሎው ሳህን ላይ ቀረ።
አንዴ ሰዓቷን አየች፤ አንዴ እኔን አየች፤
እኔ ነኝ የጠራኋት፣ አፈርኩ።
ድምፁን አጠፋሁት።
«በይ፣ ተርጉሚው» አልኳት።

ጉሮሮዋን ጠረገች።
ውሻው ወንዙ ዳር ደርሷል፣
ያው የድሮው ወንዝ ነው፣
የፕላስቲክ ዳክዬ ተንሳፎበታል።
«ቻለው...» ብላ ጀመረች።
አፉ ይንቀሳቀሳል።
«ቻለው እንዲህ አለ...»
ከንፈሩ ይከፈታል፣ ይገጥማል፣
ጥርሱ እንደ ሰው ጥርስ ያብለጨልጫል፤
ለሷ ቃል የሚሆን አንዲት ሽንቁር አልተዉም።
«ተወው፣ ሞልቷል» አለች፤ «መግቢያ የለውም።»

ባጃጅ ልንፈልግ ወጣን። ሦስት ሰዓት አልፏል፤
መብራት ሄዷል፣ ያካፋል፤
ከተዘጋ ፋርማሲ ክዳን ሥር ተጠለልን፤
ለካ ቀድሞን የተኛ አለ፤
ሁለት ጆሮው ሙሉ፣ አጥንቱ የሚቆጠር፣
ባለቤት ይኑረው አይኑረው እንጃ።
ቀና ብሎ አየን።
አልጮኸም፣ ጅራቱንም አልነቀነቀ።

ባጃጁ መጣ። «የት ናችሁ?» አለ ሹፌሩ።
ትርንጎ እጇን አነሣች፦ ቆይ።
ጎንበስ ብላ ቆየች፣ ረጅም ጊዜ፣
ሞተሩ እየተርገፈገፈ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ደረቁን ቦታ ይዛችሁብኛል፣ ይላል።»

አንድ አንድ እርምጃ ወደ ዝናቡ ወጣን።