ትርፍ

ከአምባሳደር ሲኒማ ጀርባ፣ ደረጃውን ወርዶ፣
ሕዝቅኤል ሱቄ ገባ፣ በላፕቶፑ ቦርሳ አናቱን ጋርዶ።
«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ሱፍ ይስፉልኝ፣ ሠርጌ ነው በጥር፤
ኪሴ ውስጥ የታክሲ እንጂ፣ የለም ሌላ ነገር።»
ሜትሬን ካንገቴ አውርጄ ትከሻውን ለካሁ፤
ወርዱን በጠመኔ ጽፌ፣ «በምን ልትከፍል?» አልሁ።

ስልኩን አወጣ። ቁጥር። ከሥሩ ሌላ ቁጥር።

ሁለት መቶ ሺህ ቶከን፣ በስሙ የተጻፈ፣
ሌሊት ሠርቶ ያገኘው፣ ከማንም ያልተዘረፈ፣
ግን እስከ አራት ዓመት በኮድ የተቆለፈ።
«ቁልፉስ ማን ጋ ነው?» «ማንም ጋ አይደለም፤
በቀኑ ይከፈታል፣ የሚለምኑት ዘበኛ የለም።
በዛሬው ዋጋ ቢባዛ፣
ያስገዛል ከሜክሲኮ ወዲህ ባለ ሁለት ክፍል ቤት።»
የመቀሴን ጫፍ ከጨርቁ መልሼ አራቅሁት።

አስካለች ሰማችን። ከበሬ ላይ ናት፣ ቁልፍ ነጋዴ፤
የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ የልጅ ቀሚስ፣
በብስኩት ቆርቆሮ ደርድራ የምትሸጥ።
«ይቆጠር እንጂ!» አለች፤ «ቁልፍ መቼ ሀብት ይሽራል?
ኮት ስለተቆለፈ ባለቤቱ ይቀየራል?
የእቁብ ዕጣዬ ገና ነው፣ ሃያኛ ነኝ ከኋላ፤
የጣልኩት ግን የእኔው ነው፣ ጅብ አይደል የበላ።»

የካውያው ልጅ ደርቤ ከእንፋሎቱ ውስጥ ሳቀ፤
«ላም አለኝ በሰማይ…» አልጨረሰውም፣ ተረቱ ታወቀ።
«ይልቅ ይሄን ይንገረን፤ ያ ሁሉ ሰው ባንድ ቀን ተከፍቶለት፣
እንደ ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ለመሸጥ ተጋፍቶበት፣
ይህ ዋጋ የምትሉት፣ ማን አለ የሚቆምለት?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ። ልጁ ቀስ ብሎ አወጣው፦
«ካሥሩ አንዱ ብቻ ነው ገበያ ላይ የወጣው፤
ዘጠኙ እንደ እኔ ድርሻ ቀኑን ነው የሚጠብቀው።
ባንዱ ያባዙት ሰዎች ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው ይሉታል፤
ባሥሩ ያባዙት ደግሞ ተራራ ያደርጉታል።
የቱ ነው ልኩ?»
            ልክ ሲል፣ ሜትሬ እጄ ላይ ነበር።

ና፣ አልኩት። ካንጠልጣዩ አሮጌ ኮት አወረድኩለት፣
ገበሩን ፈትቼ የጎን ስፌቱን አሳየሁት።
ሁለት ጣት ጨርቅ አለ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣
ሰው ሲወፍር እንዲለቀቅ ሆን ተብሎ የተረፈ፤
ሙያ የጎደለው ሰፊ ቆርጦ የሚጥለው፣
እኛ ግን ትርፍ የምንለው።

ከጨርቁ ይቆጠራል፤ በሜትር ተከፍሎበታል።
ከወርዱ አይቆጠርም፤ ዛሬ ማንን ያሞቃል?
ደግሞ የሚገዛው ሰው እጁን ሰድዶ ይዳስሰው፣
ስንት ጣት እንዳለ ይወቅ፣ የሚፈታውም መቼ ነው።
ሳያውቅ ለብሶት የወጣ፣ ክሩ ባንድ ሌሊት ሲበጠስ፣
ኮቱ ድንኳን ይሆንበታል፣ ትከሻው እዚያው ሲያንስ።

ደብተሬን ገለጥኩ፣ የሠላሳ ዓመት ዱቤ ያለበትን።
በግራ፣ «አለው»፦ መቶ ብር፣ የታክሲዋን፣ ቀብድ።
በቀኝ፣ «ይኖረዋል»፣ ከጎኑም የሚከፈትበት ቀን።

ይኖረዋል። ቋንቋችን ብልጥ ነው፤
ነገ ያገኛል ሲልም፣ እንጃ ምናልባት ሲልም፣
የሚጠራው ያንኑ ቃል ነው።

አስካለች ከትከሻዬ በላይ አነበበች። ስድስት ቁልፍ ቆጠረች፣
ጥቁር፣ ባለ አራት ዐይን፤
«የነዚህን ዋጋ በቀኝ በኩል ጻፈው» አለች።
ልጁ በእግሩ ሄደ፣ ወደ ስታዲየም፣ በዝናብ።

ማታ ሱፉን ቆረጥኩ። ለትርፉ ሦስት ጣት ተውኩለት፣
ከለመድኩት አንድ ጣት ጨምሬ።

በጥር አገባ። ኮቱ ልክ ሆነለት።
የቀረው እዚያው አለ፣ እንደተቆለፈ።
እኔም የሰው ኮት በገለበጥኩ ቁጥር
ጣቴ፣ ሳላዘው፣ ስፌቱን ይዳብሳል።